የውሃ ምርመራ ወረቀት «አልተገኘም» ሲላችሁ፦ የትኛው መሣሪያ እስከ ስንት ያያል?

ለግቢያችን ጉድጓድ የመጀመሪያውን ምርመራ ስናሠራ ወረቀቱ «እርሳስ፦ አልተገኘም» አለን። ደስ አለን። ቆይተን ስንጠይቅ፣ ለካ ላብራቶሪው በሊትር ከ100 ማይክሮግራም በታች ያለ እርሳስ አያይም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ 10 ነው። ውሃው ውስጥ 80 ቢኖርም ወረቀቱ ያው «አልተገኘም» ነበር የሚለን። ልጆች የሚጠጡት ውሃ ነው!

ስለዚህ ከዋጋው በፊት ገደቡን፣ ማለትም መሣሪያው ከስንት በታች እንደማያይ ጠይቁ።

ርካሹ ፍሌም አቶሚክ አብዞርፕሽን ነው። ናሙናው ነበልባል ውስጥ ይረጫል፣ ብረቱ የሚውጠው ብርሃን ይለካል። ለመዳብ በደንብ ይበቃል፤ የመዳብ መመሪያ 2000 ነውና። ለእርሳስ አትመኑት። ለአርሴኒክማ ጭራሽ አይሆንም፤ መመሪያው 10 ሆኖ ሳለ የዚህ መሣሪያ ገደብ ከ100 በላይ ነው።

ግራፋይት ፈርነስ ጥቂት ጠብታ ናሙና በሚግል ቱቦ ውስጥ ያተናል። እርሳስን፣ ካድሚየምንና አርሴኒክን ከ1 ማይክሮግራም በታች ድረስ ይለያል። ቀርፋፋ ነው፤ በአብዛኛው አንድ በአንድ ነው የሚለካው። የሚያሳስቧችሁ እነዚህ ሦስቱ ብቻ ከሆኑ ግን እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

አይሲፒ-ኦኢኤስ ናሙናውን እጅግ በጋለ የአርጎን ጋዝ ያግላል፣ ከሚወጣው ብርሃንም ብዙ ንጥረ ነገር በአንዴ ያነባል፤ ጨዋማ ውሃም ብዙ አያስቸግረውም። ለእርሳስና ለአርሴኒክ ግን ገደቡ ወደ መመሪያው ሊጠጋ ይችላል፤ ቁጥሩን በጽሑፍ ተቀበሉ።

አይሲፒ-ኤምኤስ በዚያው ጋዝ ያግላል፣ ግን በብርሃን ሳይሆን በክብደት ይለያል፤ ከሁሉም ውድ ነው፤ ከ1 ማይክሮግራም እጅግ በታች ያያል። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ካላችሁ እሱን እመክራለሁ፤ እዚያ አካባቢ በአንዳንድ ጉድጓዶች አርሴኒክ ከ10 በላይ ተገኝቷል። አንድ ነገር ግን አትርሱ። ክሎራይድ የበዛበት ውሃ ከመሣሪያው አርጎን ጋር ተዋህዶ ለመሣሪያው አርሴኒክ ሊመስለው ይችላል። ይህን መምታታት የሚቀንስ የመሣሪያው ክፍል አለ፤ «ኮሊዥን ሴል ትጠቀማላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፍሎራይድ ብረት ስላልሆነ ለብቻው ነው የሚመረመረው፤ ለስምጥ ሸለቆ እሱም የግድ ነው።

ላብራቶሪው ገደብ ሲነግራችሁ የመለየት ነው ወይስ የመለካት? የመለየት ገደብ «አለ» ለማለት ይበቃል። የመለካት ገደብ «ይህን ያህል አለ» ለማለት የሚያስችለው ነው፤ በተለምዶ ከመለየቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። የአውሮፓ ኅብረት የመጠጥ ውሃ ሕግ ይህ የመለካት ገደብ ከተፈቀደው መጠን 30 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። እኔም የምገዛው በዚህ ሚዛን ነው፦ ለእርሳስና ለአርሴኒክ 3 ወይም ከዚያ በታች፣ መመሪያው 3 ለሆነው ካድሚየም ደግሞ ከ1 በታች።

ናሙናውን በባዶ ሃይላንድ ቀድታችሁ አትውሰዱ። በአሲድ የታጠበ ጠርሙስ ከላብራቶሪው ጠይቁ። ናይትሪክ አሲድ ካልተጨመረበት ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ያኔ ውዱም መሣሪያ «አልተገኘም» ይላችኋል።