ያረጀ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ አስጠግኖ መጠቀም፦ የ9 ወር ልምድ ከጅማ

ጅማ ውስጥ የምንኖርበትን ቤት ስንገዛ ጣሪያው ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ፓኔሎችና 150 ሊትር የሚይዝ ታንከር ያለው አሮጌ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነበር። ለሁለት ዓመት ሙቅ ውሃ ያገኘነው ግን ታንከሩ ውስጥ ባለው ሬዚስታንስ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ብቻ ነው። መጀመሪያ የጠራነው ባለሙያ አውልቀን አዲስ እንድንገዛ መከረን። ሁለተኛው አመሻሽ ላይ ተመልሶ መጣና ፓኔሉን ከታንከሩ ጋር የሚያገናኘውን የላይኛውን ቧንቧ በእጁ ዳሰሰ፤ ፀሐይ ከጠለቀች ሁለት ሰዓት ቢያልፍም ቧንቧው ትኩስ ነበር።

እንዲህ ያለው ማሞቂያ ፓምፕ የለውም። ፓኔሉ ውስጥ የሞቀው ውሃ ስለሚቀል ወደ ታንከሩ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው በታችኛው ቧንቧ ወደ ፓኔሉ ይወርዳል። የቀድሞው ባለቤት ቆርቆሮ ሲያስቀይር ታንከሩ ዝቅ ተደርጎ፣ ሥሩ ከፓኔሉ አናት ጋር እኩል ሆኖ ስለተቀመጠ፣ ሌሊት ፓኔሉ ሲቀዘቅዝ ዑደቱ ይገለበጥና በኤሌክትሪክ የሞቀው ውሃ ሙቀቱን ለሰማይ ሲገብር ያድር ነበር። የሁለት ዓመት የመብራት ክፍያችን በከፊል የጅማን ሌሊት ለማሞቅ ውሏል ማለት ነው።

በኅዳር ወር አዲስ የብረት መቆሚያ አስበይደን ታንከሩን ከፓኔሉ አናት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረግነው። አየር መሃል ላይ ከታሰረ ውሃው ስለማይዞር፣ የላይኛው ቧንቧ እስከ ታንከሩ ድረስ ያለማቋረጥ ሽቅብ እንዲሄድ ተደረገ። የታንከሩ ደለል ታጠበ፤ ከታንከሩ ብረት ይልቅ ራሱ እየተበላ ከዝገት የሚከላከለው የማግኒዚየም ዘንግ ተበልቶ አልቆ ስለነበር ተተካ። ጋስኬትና መስታወት ማጽዳት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሬዚስታንሱን አንድም ቀን አላበራንም፤ አምስት ሰዎች ማታ ታጥበን ጠዋት የሚተርፍ ሙቅ ውሃ ነበረን። 150 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ለማድረስ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ፣ ልዩነቱ ቆጣሪው ላይ ወዲያው ታይቷል። በክረምት ግን፣ የጅማን ዝናብ የሚያውቅ እንደሚገምተው፣ ሬዚስታንሱ ግድ ሆነ። ቢሆንም ውሃው ቀን ለብ ብሎ ስለሚቆይ በሐምሌም ሆነ በነሐሴ ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል ማብራት በቂ ነበር።

ቅሬታም አለኝ። መዳብና የብረት ቧንቧ በቀጥታ በመገጣጠማቸው ብረቱ ተበልቶ ሚያዝያ ላይ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ፤ መሃላቸው የነሐስ ማያያዣ ገብቶ ቆመ። ሻወር ቤቱ ከታንከሩ ስለሚርቅም ሙቁ እስኪደርስ ግማሽ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ እንቀዳለን፤ እሱን ለዕቃ ማጠቢያ እናውለዋለን። ታንከሩ ራሱ በዝገት ተበስቶ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን ባለሙያ ምክር እቀበል ነበር። የእኛን ከማስጠገናችን በፊት ሞልተን አንድ ቀን ሙሉ አቆይተነው ጠብታ አልወጣውም።