ሴልስፎርስ ስናፕሾት ከወራት በኋላ፦ ምን ይይዛል፣ ምን ያመልጠዋል

የሽያጭ ስብሰባ ላይ ሁሌም የሚነሳ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አለ። «ባለፈው ወር በዚህ ሰዓት ስንት ላይ ነበርን?» ሴልስፎርስን (ደንበኞችና ሽያጮች የሚመዘገቡበትን ሲስተም) ከፍታችሁ ብትፈልጉ የዛሬውን ወለል አድርጎ ያሳያችኋል። የያኔውን ግን ለማግኘት መከራ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ አንድ ሻጭ የዲሉን (ከደንበኛ ጋር የያዘውን ሽያጭ) መጠን ከ80,000 ወደ 50,000 ሲያወርደው፣ መዝገቡ ላይ የሚታየው 50,000 ብቻ ነው። ተራው ሪፖርትም የሚደምረው እሱኑ ነው።

ሴልስፎርስ ለዚህ ሪፖርቲንግ ስናፕሾት የሚባል መላ አለው። የቆዩ ተጠቃሚዎች አናሊቲክ ስናፕሾት በሚለው ስሙ ያውቁታል። አሠራሩ ፎቶ እንደማንሳት ነው። አንድ ሪፖርት ትመርጣላችሁ። ውጤቱ የሚጠራቀምበት ኦብጀክት፣ ማለትም ሠንጠረዥ፣ ትፈጥራላችሁ። የሪፖርቱ የትኛው ዓምድ የኦብጀክቱ የትኛው ፊልድ (የመረጃ ቦታ) ውስጥ እንደሚገባ ታገናኛላችሁ። ከዚያ በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እንዲሠራ ቀጠሮ ትሰጡታላችሁ፤ በቃ። እኛ ሰኞ ማለዳ፣ ሰው ሥራ ሳይገባ እንዲያነሳ አድርገነዋል።

«ለምን ሌላውን አልተጠቀማችሁም?» የሚል አይጠፋም። ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው የፊልድ ለውጥ ታሪክ ነው፤ በአንድ ኦብጀክት እስከ 20 ፊልድ ይከታተላል፣ ታሪኩም ሲስተሙ ላይ እስከ 18 ወር ይቆያል። ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት ቀየረ የሚለውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንድ ዲል ላይ ክርክር ሲነሳ ከእሱ የተሻለ የለም። ግን «በዚያ ሰኞ አጠቃላይ ድምሩ ስንት ነበር?» ካላችሁት እያንዳንዱን ለውጥ ወደ ኋላ መቁጠር ሊኖርባችሁ ነው። ሁለተኛው ታሪካዊ ትሬንድ ሪፖርት ነው። ማብራት ብቻ ነው፣ ቀለሙም ያምራል። ነገር ግን የያዝነውን ወርና ከዚያ በፊት ያሉትን 3 ወራት ነው የሚያስታውሰው። ይህን ሩብ ዓመት ካምናው ጋር ላነጻጽር ለሚል ሰው አይሆንም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። መጀመሪያ ያወጣሁት ግራፍ ልብ የሚያሸፍት አልነበረም። የክፍት ዲሎች ድምር ከሳምንት ሳምንት ያው ነው፤ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ መስመር። ሰላም ይመስላል። ከዚያ የአንዱን ዲል መለያ ቁጥር ይዤ የሰኞዎቹን ረድፎች ከላይ ወደ ታች ደረደርኳቸው። መጠኑ አልተነካም። ሽያጩ የደረሰበት ደረጃም አልተነካም። የሚዘጋበት ቀን ግን መጀመሪያ የወሩ መጨረሻ ይላል። ጥቂት ረድፍ ዝቅ ስትሉ የቀጣዩ ወር መጨረሻ ሆኗል። እንደገና ዝቅ ስትሉ ደግሞ የሚቀጥለው ወር መጨረሻ። ሁሌ ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው የሚገፋው፤ ሁሌም የሚያርፈው ወር መጨረሻ ላይ ነው። ደንበኛው እንዲህ ዓይነት ቀን አልሰጠም። ሻጩ ሪፖርቱ ቀይ እንዳይሆንበት የሞላው ነው።

ጎረቤቶቹን ሳይ ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። ያ ጠፍጣፋ መስመር እንግዲህ በየወሩ እየተገፉ በሚሄዱ ያው አሮጌ ዲሎች የቆመ ነበር። የዛሬውን ሪፖርት ብቻ ብታዩ እያንዳንዳቸው ደህና ዲል ይመስላሉ። አሁን ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የምናየው «ስንት አለን?» የሚለውን ሳይሆን «ካለን ውስጥ ስንቱ ቀኑ ተገፋ?» የሚለውን ነው። ሻጮቹ መጀመሪያ ላይ ፊታቸው አልፈታም ነበር፤ አይፈረድባቸውም።

ሌላው የወደድኩት ሳምንትን ከአቻው ሳምንት ጋር ማነጻጸር መቻሉ ነው። የዚህን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ጋር ብታስተያዩ የሩብ ዓመቱ ዙር ራሱ ያታልላችኋል። መጨረሻ ላይ ዲሎች ስለሚዘጉ ክፍቱ ይቀንሳል፣ መጀመሪያ ላይ ይሞላል። የዚህን ሩብ ዓመት 4ኛ ሳምንት ካለፈው ሩብ ዓመት 4ኛ ሳምንት ጋር ስታስቀምጡት ግን ወሬው ይቆማል።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮችም አሉ። በአንድ ስናፕሾት የሚገባው ረድፍ ቢበዛ 2,000 ነው። ስለዚህ ሁሉንም ላስገባ አትበሉ። እኛ የተዘጉትን ትተን ክፍት ዲሎችን ብቻ ነው የምንይዘው። ድርጅታችሁ ትልቅ ከሆነ በደረጃ ወይም በሻጭ የተደመረውን ብቻ መያዝ ይቻላል። ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ቅድም እንዳደረግኩት አንድን ዲል ነጥሎ መከታተል አይቻልም። ቦታን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ መዝገብ በአብዛኛው 2 ኪሎባይት ተብሎ ይታሰባል። በሳምንት 500 ረድፍ ቢገባ በዓመት 26,000 ረድፍ ነው፤ 52 ሜጋባይት ገደማ። በየቀኑ ብታደርጉት ግን በሰባት አባዙት። ለሽያጭ ትሬንድ በየቀኑ ማንሳት ለእኔ ትርፉ ድካም ነው።

ደግሞ ድምር ላይ ተጠንቀቁ። ያው 50,000 ዲል በአራት ሰኞ አራት ጊዜ ይገባል። የስናፕሾቱን ቀን ሳትለዩ ሪፖርት ካወጣችሁ 200,000 ብሎ ያስደስታችኋል። ማንኛውም ሪፖርት መጀመሪያ በቀኑ ይከፈል።

ስናፕሾቱ የሚሠራው በአንድ የተመረጠ ተጠቃሚ ስም ነው፤ የሚያነሳውም ያ ሰው ማየት የሚችለውን ብቻ። ሥራ ሊለቅ በሚችል ሰው ስም አታድርጉት። በሠራ ቁጥር የኢሜይል ማሳወቂያ እንዲልክም አድርጉ፣ አለዚያ ዝም ሲል አታውቁም።

የደረጃ ስም መቀየር ሌላ ጣጣ ነው። እኛ ጋ «ድርድር» የነበረው ለሁለት ተከፈለ። የድሮዎቹ ረድፎች ግን በጽሑፍ ስለተቀመጡ «ድርድር» ብለው ቀሩ፤ ግራፉ ላይም መስመሩ መሃል ላይ ተቆርጦ ሁለት አዲስ መስመር ብቅ አለ። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ በዚያ ሰኞ የነበረው እሱ ነዋ! ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ የቡድን ፊልድ ጨምረን ገላገልነው።

አንጀት የሚያቃጥለው ወደ ኋላ አለመሄዱ ነው። የሚይዘው ካዘጋጃችሁበት ቀን ጀምሮ ያለውን ነው። ትንሽ የሚያጽናናው፣ ሴልስፎርስ የዲሉን ደረጃ፣ መጠን፣ የመዘጋት ዕድልና የሚዘጋበትን ቀን ለውጥ ሳይነገረው ይመዘግባል። ትዕግሥት ያለው ሰው ከዚያ ላይ ያለፈውን በኤክሴል መልሶ ሊገነባ ይችላል። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ይሠራል።

ይመከራል ወይ? በየሳምንቱ ቁጥር ይዞ የሚሰበሰብ ቡድን ካላችሁ፣ ዛሬውኑ አብሩት። ሪፖርቱን ማን እንደሚያየው ገና ባታውቁም ዳታው ይጠራቀም። ሁለት ሦስት ሻጭ ብቻ ያላችሁ ከሆነ ግን ሰኞ ሰኞ ሪፖርቱን ወደ ኤክሴል አውርዶ ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ መጻፍ ያው ሥራ ይሠራል። እኛ ቀጥሎ የምንሞክረው የደንበኞች ቅሬታ ላይ ነው፦ በየሰኞው ስንቱ ክፍት እንደሆነ፣ ስንቱም ከአንድ ሳምንት በላይ እንደቆየ።