በፓንቲካፓዮን የነሐስ ሳንቲሞች ላይ ስለሚመታ የሐሰት ማኅተም ማስጠንቀቂያ

ጥንታዊ ሳንቲም የምትሰበስቡ ወገኖቼ፣ በተለይም እንደ እኔ ጀርመን አገር የምትኖሩ፣ ተደራቢ ማኅተም (በወጣ ሳንቲም ላይ በኋላ የሚመታ ምልክት) አለበት ተብሎ የሚቀርብላችሁን የፓንቲካፓዮን ነሐስ ሳትመረምሩ እንዳትገዙ አሳስባለሁ። በክሪሚያ፣ በዛሬዋ ኬርች የነበረችው ይህች የግሪኮች ከተማ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ገደማ ገንዘብ በቸገራት ጊዜ፣ ቀድሞ የወጡትን የሳቲር (በግሪኮች ተረት ከፊሉ ሰው ከፊሉ እንስሳ የሆነ ፍጡር) ራስ ያለባቸውን ሳንቲሞች ሰብስባ በአንዱ ገጽ ኮከብ፣ በሌላው የቀስት ማኅደር አስመትታባቸው ነበር። የከተማይቱ ጭንቀት የሚነበበው በእነዚህ ሁለት ምቶች ላይ ስለሆነ፣ እኔም ከእነዚህ አንዱን ስገዛ ከዋጋው አብዛኛውን የከፈልኩት ለእነርሱ ነው።

ቤቴ ወስጄ በማጉያ መነጽር ስመለከተው የኮከቡ ወለል አዲስ ቢጫ ነሐስ ነው። አረንጓዴው ዝገት በአሴቶን በራሰ ጥጥ ተጠርጎ የሚወጣ ቀለም ሆኖ ተገኘ። ከማኅተሙ ጠርዝ የሚነሡ ትኩስ ስንጥቆችም ነበሩ፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲዛግ የኖረ ነሐስ ውስጡ ተሰባሪ ስለሚሆን ዛሬ ሲመቱት ይሰነጠቃል።

መልሼ ስወስድለት ሻጩ አገላብጦ አየውና «ሳንቲሙ እውነተኛ ነው» አለኝ። ማኅተሞቹስ ብዬ ስጠይቀው የምስክር ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ «እዚህ ላይ ስለ ማኅተም የተጻፈ ነገር ያያሉ?» አለኝ። አልተጻፈም። ይህ ሰው ዋጋ እንዲቀንስልኝ በለመንኩት ጊዜ የኮከቡን ጨረሮች በእርሳስ ጫፍ አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ እንዲህ ጥርት ያለ ምት በርካሽ አይገኝም ሲል የተከራከረኝ ራሱ ነው። ያን ቃሉን ሳስታውሰው መልስ እንኳ አልሰጠኝም፤ ወደ ስልኩ ዞረ። ረዳቱም ሳንቲሙን ገና ከጠረጴዛው ላይ ሳላነሣ ሄዶ በሩን ከፈተልኝ። የተበላውን ገንዘብ ልተወው እችል ይሆናል፣ ያን የተከፈተ በር ግን አልረሳውም።

የምትገዙ ከሆነ እያንዳንዱ ማኅተም በደረሰኙ ላይ በስም ተጠቅሶ ዋስትና ይጻፍላችሁ፤ እምቢ ካለ ውጡ። በዚያው ሻጭ ሳጥን ውስጥ በወርቅ የተለበጡ የአክሱም የነሐስ ሳንቲሞችም ለሽያጭ ተደርድረዋል። ማኅተሙን በሐሰት የመታ ሰው ወርቁንም አዲስ ለመለበጥ የሚከለክለው የለምና፣ እነዚያንም በማጉያ መነጽር ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።