«እማሆይ፣ የዓለም ስምዎ ማን ነበር?»

እናቴ በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደውላ «ጻፍክላት ወይ?» ብላኛለች። እነሆ እምየ፣ እየጻፍኩ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከተማ ገቢዎች ውስጥ የቤት ግብር ነፃ ጥያቄ የሚታይበትን ክፍል የምትመራ አንዲት እህት አለች። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «ማመስገን ካማረህ ክፍሉን አመስግን፤ ልጆቹም ሠርተዋል» ነው ያለችኝ። እሺ ብያለሁ። የጣሪያና ግድግዳ፣ የቦታ ኪራይ፣ የውዝፍ ጉዳይ የከበደው ሰው ግን ወደዚያ ይሂድና ቡድን መሪዋን ይጠይቅ። ደላላ አይያዝ። ደላላ አይያዝ! ሁለቴ የጻፍኩት ረስቼ አይደለም።

እናቴ ከመነኮሰች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። አባታችን ባረፈ በዓመቱ ቆብ ደፋች። የምትኖርባት ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ከእናቷ የወረሰችው ቦታ ላይ ያለች ናት፤ አባታችን በገዛ እጁ ነው ያቆማት። በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል ድሮ አንድ ባለሱቅ ተከራይቷት ነበር። ሁለት ዓመት ሠርቶ ዘግቶ ሄደ፤ ክፍሏም በኋላ የእናቴ የጸሎት ቤት ሆነች። ሱቁ ግን ለካ መዝገብ ላይ አልተዘጋም። እኛ ሰፈር ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ወረቀት ላይ በሕይወት አለ! በየዓመቱ ግብር ይወልዳል፣ ግብሩ ደግሞ ቅጣት ይወልዳል።

ይህን ያወቅነው ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ነው። ቆርቆሮ ለመቀየር የዕድሳት ፈቃድ፣ ለፈቃዱ ክሊራንስ፣ ለክሊራንሱ ደግሞ ውዝፍ መክፈል ይጠይቃል አሉን። የውዝፉን ልክ አልጽፈውም። ባሕር ዳር የማስተምር መምህር ነኝ፤ የቀረውን እናንተ ሙሉት።

ስለ ሌላው ቦታ ዝም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ካልተነፈስኩት ያንቀኛል። የት እንደሆነ አልናገርም፣ የማንንም ስም አላነሳም። ሁለት ዓመት ሙሉ «ፋይሉ የለም»፣ «ነገ ኑ»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ስንባል ኖርን። መንገድ ሲከፈት ጠብቄ፣ ፈቃድ ለምኜ፣ በሞጣ በኩል እመጣለሁ፤ አንድ ማህተም ሳላይ እመለሳለሁ። እናቴ መቋሚያዋን ተደግፋ ፀሐይ ላይ ትቆማለች፤ ቁጭ ይበሉ የሚላት የለም። ነፃ የሚባለው ለማን እንደሆነ ብጠይቅ አንዱ ቀና ሳይል «ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ነፃ ነው፤ መነኩሲት ግን ቤተ ክርስቲያን አይደለችም» አለ። ከአጠገቡ ያሉት ሳቁ። እናቴም አብራ ፈገግ አለች። እስካሁን የሚያቃጥለኝ የእሱ ነገር አይደለም፣ የእሷ ፈገግታ ነው። ሌላው ደግሞ «ከዓለም ከወጡ ቤቱ ምን ያደርግልዎታል?» አላት። ጉዳይ ገዳይ ነኝ ያለ ሰው ሦስት ሺህ ብሬን ቆጥሮ ተቀበለና ስልኩን ዘጋ። እግዜር ይስጠው።

እዚህ ላይ አባቴ ትዝ ይለኛል። እሱ ልጅ ሳለ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብር የሚባለው አዋጅ ሲመጣ ሞጣና ብቸና እንዴት እንደተነሣ እያደር ያጫውተን ነበር። ጎጃሜ መሬት ለኪውን ያላስጠጋው መሬቱን ሊቀሙት የመጡ መስሎት ነው፤ በኋላ ጃንሆይ ውዝፉን ማሩት። «ባላገሩን ግብሩ አይደለም የሚያስሸፍተው፣ ንቀቱ ነው» ይል ነበር አባቴ። ያኔ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ እናቴ ፀሐይ ላይ ስትቆም ገባኝ።

ወደ ክፍሉ የጠቆሙን የእናቴ የንስሐ አባት ናቸው። ጠዋት ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት የእናቴን መታወቂያ ይዞ መዝገብ ቤት ገባ፣ ቆየ፣ ወጣ። «ማህደር የለም እማሆይ።» እንግዲህ እዚህም ያው ነው ብዬ ፌስታሌን ሰበሰብኩ። ቡድን መሪዋ ከጀርባው ተቀምጣ ሌላ ሰው እያስተናገደች ነበር፤ ለካ ጆሮዋ እኛ ጋ ነው። ብድግ ብላ ወጣች፣ እናቴን ከአግዳሚው ላይ አስቀመጠቻት፣ እሷም አጠገቧ ቁጭ አለች። ቁጭ አለች! ኃላፊ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። መታወቂያውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«እማሆይ፣ የዓለም ስምዎ ማን ነበር?»

እናቴ ዝም አለች። ያ ስም አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ የሌላ ሰው ስም እንደምትናገር ሆና፣ ተናገረች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ማህደሩ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተገኘ። ለካ የተደረደረው በስም ነው፤ መታወቂያዋ ደግሞ ከመነኮሰች ወዲህ በምንኩስና ስሟ ነው የወጣው። እቤት የነበረው የካርታ ቅጂ ጣሪያው አፍስሶበት ስሙ አይነበብም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌለ ሰው ፋይል ስናስፈልግ ኖረናል። ልጇ ሆኜ፣ ፊደል ቆጥሬ፣ መምህር ተብዬ፣ እኔም አላሰብኩትም።

ከማህደሩ ውስጥ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ወጣ። የአባቴ እጅ ጽሕፈት። ሱቁ ስለተዘጋ ከመዝገብ ይሰረዝልን የሚል ማመልከቻ፣ ከሥሩ የእናቴ የጣት አሻራ፣ ከጎኑ የገቢ ማህተም። አባቴ የድርሻውን ጨርሶ ነበር የሞተው። ቡድን መሪዋ አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ለእናቴ አልሰጠቻትም፣ ለእኔ ሰጠችኝና «አንብብላት» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሕግ ነገር ጠይቃችሁኝ አላስረዳም። የ1968ቱን የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ አውጥታ አሳይታኛለች፤ ስለ ዓመታዊ የኪራይ ግምትም ሁለቴ አስረድታኛለች፤ ሁለቴም ራሴን ነቅንቄያለሁ። የገባኝን ልንገራችሁ። ቤቱን የሚያዩ ሰዎች ላከች። ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን ቀበሌ በምስክር አረጋግጦ እንዲጽፍ አደረገች። ደግሞም አላሞኘችንም፤ «ሱቁ የሠራበት ሁለት ዓመት ይከፈላል፣ የቦታ ኪራዩም ይከፈላል። ነፃ የሚያወጣችሁ ሕጉ ነው፣ እኔ አይደለሁም» አለች። ከፈልን። እንዲህ ደስ ብሎኝ ከፍዬ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ያንን ወጣት በሰው ፊት አልተቆጣችውም። እኛ ስንወጣ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብላ «ከእንግዲህ መነኩሴ ሲመጣ የዓለም ስም ጠይቅ» ስትለው ሰማሁ። በሌላ ቀን ስመለስ ይኸው ነገር በወረቀት ተጽፎ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ልጁም ለእናቴ ከሩቅ ተነሥቶ ወንበር አመጣላት።

እናቴ አንድ ማሰሮ ነጭ ማር ይዛ ሄዳ ነበር። አልተቀበለቻትም። «ማሩን ለጾም መያዣ ይብሉት፣ እኔን ይመርቁኝ» አለቻት። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ሰልፉ ሁሉ አሜን ይል ነበር። እናቴ ግን ሳትጠይቃት አልወጣችም፤ «የክርስትና ስምሽ ማን ነው ልጄ? በጸሎት እንዳስብሽ።» በጆሮዋ ነገረቻት። እኔ አልሰማሁም፤ እናቴም አትነግረኝም።

ወገኖቼ፣ በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ከጸደቀ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ ቤቱ ተሸብሯል፤ ደላላውም ፍርሃታችንን እየሸጠልን ነው። እባካችሁ ሳትከፍሉም ሳትሸሹም በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። ሐምሌ ሲገባ ሰልፉ ስለሚረዝም ቀደም በሉ። አሮጌ ደረሰኝ አትጣሉ፣ ቀለሙ የጠፋውንም ቢሆን። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ፎቶ ኮፒውን ከቤታችሁ አንሥታችሁ ውጡ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ መነኩሴ ከሆኑ ደግሞ ሁለቱንም ስም ጽፋችሁ ያዙ።

ቆርቆሮው ባለፈው ቅዳሜ ተመትቷል። ሚስማሩ ስላነሰን አንዱ ጥግ ቀርቷል፤ እሱን በሚቀጥለው ስመጣ እጨርሳለሁ።