ለቤት ጂም የሚሆን ኤሊፕቲካል፦ ፕሪኮር፣ ሶል እና ኖርዲክትራክ ሲነጻጸሩ

ኤሊፕቲካል (ቆመው ሁለት ፔዳል እየረገጡ የሚሠሩበት የስፖርት ማሽን) ሊገዛ መደብር የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስክሪኑን ነው፤ ሻጩም ቀድሞ የሚያበራለት እሱኑ ነው። እኔ ግን ማሽኑ እንደጠፋ ፔዳሉ ላይ ወጥቼ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ሳልረግጥ ስለ ዋጋ መነጋገር አልጀምርም። እግር ዙሩን ሊጨርስ ሲል የሚያጋጥመው መጠነኛ መደናቀፍ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መሳቡ፣ ከታች የሚሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅ፣ እነዚህ ሁሉ መብራት ሳይኖር የሚታወቁ ነገሮች ናቸው። ስክሪኑ ከበራ በኋላ ዓይናችን ወደ ላይ ስለሚሄድ ሳናስተውላቸው እናልፋለን።

ለዚህ ንጽጽር የመረጥኳቸው ፕሪኮር ለጂሞች የሚሠራው ኢኤፍኤክስ 835፣ ሶል ኢ95 እና የኖርዲክትራክ ፍሪስትራይድ ኤፍኤስ14አይ ናቸው። ሦስቱም የአሜሪካ ገበያ ማሽኖች ቢሆኑም አሠራራቸው የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ከኋላ፣ ሁለተኛው ከፊት፣ ሦስተኛው ከመሀል የሚነዳ በመሆኑ፣ አንባቢው በአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ባሉ የስፖርት ዕቃ መደብሮች ሌላ ምርት ቢያጋጥመው እንኳ ከሦስቱ የየትኛው ወገን እንደሆነ ለይቶ ሊመዝነው ይችላል።

ከሦስቱ ለተፈጥሮ እርምጃ የሚቀርበው፣ በእኔ ግምት፣ ፕሪኮሩ ነው። ኩባንያው ኤሊፕቲካልን በ1995 እ.ኤ.አ. ለጂሞች ያስተዋወቀ ሲሆን በ2021 እ.ኤ.አ. በሌላው የስፖርት ማሽን አምራች በፔሎተን ተገዝቷል። ቮላኖው (ዙሩ ሳይቆራረጥ እንዲሄድ የሚሽከረከረው ከባድ መንኮራኩር) ከኋላ ስለሆነ ፔዳሉን የተሸከመው ብረት የፊት ጫፍ ዘንበል ባለ ሐዲድ ላይ ይንከባለላል፤ ሐዲዱ ደግሞ በሞተር ከፍና ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል እግር ሜዳ ላይ እንደሚንሸራተት ሆኖ ይሄዳል፤ ከፍ ሲል ከለገሃር ተነስቶ የቸርችል ጎዳናን ዳገት ወደ ፒያሳ እንደመውጣት ይሆንና ሥራው ወደ መቀመጫና ወደ ጭን የኋላ ጡንቻ ያደላል። የእርምጃው ርዝመትም ከሐዲዱ ጋር አብሮ ስለሚለወጥ ባልና ሚስት ቁመታቸው ቢለያይ ሁለቱም የሚስማማቸውን ቦታ ያገኛሉ።

ሶል ኢ95 በቅድሚያ የተሠራው ለቤት ነው። እርምጃው 20 ኢንች፣ ማለትም 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን አይለወጥም፤ ይህ ለመካከለኛና ለረጅም ሰው ይመቻል፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ55 ለሆነ ሰው ግን እግርን ከልኩ በላይ የማስከፈት ጠባይ አለው። ቮላኖው 12 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ዙሩ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። እኔ የወደድኩለት ነገር ግን ፔዳሎቹ ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ያዘነበሉ መሆናቸው ነው፤ ግማሽ ሰዓት ከረገጡ በኋላ የቁርጭምጭሚትና የጉልበት ድካም ላይ ልዩነቱ ይታወቃል። የማልወድለት ደግሞ የፊት ነጂ ማሽኖች ሁሉ የጋራ ነገር ነው፤ ሰውነትን በመጠኑ ወደ ፊት ያስደፋል፣ ከኋላ ያሉት ጎማዎችና ሐዲዶችም ገላጣ ናቸው። መስኮቱ ወደ ዋና መንገድ በሚከፈት ቤት፣ በተለይ በበጋ፣ ሐዲዱ ላይ የሚያርፈው አቧራ ጎማው ሥር ገብቶ መንጫጫት ይጀምራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፣ ግን መጥረግ ይጠይቃል።

ፍሪስትራይዱ ሐዲድ የለውም፤ ፔዳሎቹ ተንጠልጣይ ናቸው። እርምጃውን የሚወስነው ማሽኑ ሳይሆን የረገጠው ሰው ሲሆን ከአጭር የደረጃ እርምጃ አንስቶ 32 ኢንች፣ ማለትም 81 ሴንቲ ሜትር እስከሚደርስ የሩጫ እርምጃ ይሄዳል። ይህ ነፃነት ለለመደው ደስ የሚል፣ ለጀማሪ ግን ግራ የሚያጋባ ነው፤ መጀመሪያ የወጣሁበት ዕለት አምስት ደቂቃ ያህል እንደ ሰካራም ተንገዳግጃለሁ። ስክሪኑ 14 ኢንች ሲሆን ትልቁ መስህቡ አይፊት የተባለው የሥልጠና አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ ወርኃዊ ክፍያና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለዚያ የሚሆን ካርድ የሌለው ገዢ የማሽኑን ግማሽ ጥቅም ሳይነካው ይቀራል፤ ያለ አገልግሎቱ ማሽኑ ለመርገጥ ይሆናል፣ ዋጋው ግን የስክሪኑንም ያካተተ ነው።

የቦታ ነገር በቁጥር ያልቃል። ፕሪኮሩና ሶሉ እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ሲይዙ ፍሪስትራይዱ በአንድ ሜትር ተኩል ይብቃቃል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን የቁመት ልክ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ሰው ፔዳሉ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለበት ሰዓት ጭንቅላቱ 2 ሜትር ከ30 ላይ ይደርሳል፤ 15 ሴንቲ ሜትር መተንፈሻ ሲጨመርበት 2 ሜትር ከ45 ይሆናል። ቤቱ ሲሠራ ጣሪያው ይህን የሚያስተናግድ ቢሆንም በኋላ የገባው የጂፕሰም ኮርኒስ፣ በተለይ መሀሉ ላይ ወርዶ አምፖል የተደረደረበት ዓይነት፣ ሒሳቡን ያበላሸዋል። ስለዚህ የሚለካው ከወለል እስከ ኮርኒስ እንጂ እስከ ሶሌታው አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መብራት ልምጣ። ኢኤፍኤክስ 835 ረጋጩ በሚያመነጨው ኃይል ይሠራል፤ ገመድ ሳይሰካ ሰሌዳው (ቁጥሮቹና ቁልፎቹ ያሉበት ክፍል) ይበራል፣ የፔዳሉ ጥንካሬ ይስተካከላል። ሶሉና ፍሪስትራይዱ ግን ሶኬት ይፈልጋሉ፤ መብራት ሲሄድ ሰሌዳው ይጠፋል፣ ጥንካሬውንም ሆነ ከፍታውን መቀየር አይቻልም። ከሥራ በፊት ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ለመንቀሳቀስ ልብሱን ለብሶ የተነሣ ሰው ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ጄኔሬተር ባለው ሕንፃ የሚኖር ሰው ግን ይህን አንቀጽ እንዳላነበበ ቆጥሮ ሊያልፈው ይችላል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ፕሪኮር ራሱ ትልቅ ንክኪ ስክሪን የሚገጥምባቸው ሞዴሎቹ ገመድ የሚፈልጉ ስለሆኑ የኩባንያውን ስም ብቻ አይቶ «ይኼ መብራት አይፈልግም» ማለት ያሳስታል።

ሶኬት የሚፈልገውን የመረጠ ሰው ደግሞ የአዳፕተሩን ጽሑፍ በዓይኑ ያንብብ። የአገራችን መስመር 220 ቮልት፣ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። አዳፕተሩ ላይ 100–240 የሚል ከተጻፈ የሚቀየረው ስፒናው ብቻ ነው፤ 120 ብቻ ከተባለ ትራንስፎርመር የግድ ይላል። ይህን የምጽፈው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት በዘመድ በኩል ያስመጣሁትን ማሽን ማታ ገጣጥሜ፣ በዲቫይደር ሰክቼ፣ ቤተሰቡን ጠርቼ ገና ሰሌዳው ብልጭ ከማለቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ጽሑፉ አዳፕተሩ ጀርባ ላይ በግልጽ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ምትኩን አግኝቼ እስክረግጥበት ድረስ ሁለት ወር ተኩል ልብስ መስቀያ ሆኖ ቆየ።

በማሽኑ ውስጥ ስላሉት ዝግጁ የልምምድ ፕሮግራሞች ባጭሩ ልናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። በማሽኑ የተሞሉት ፕሮግራሞች ይህን አያውቁም፤ ስለዚህ «ቀላል» የተባለው ደረጃ ከዝቅተኛ ቦታ ለመጣ እንግዳ ከባድ ሊሆንበት ይችላል። በልብ ምት መመራት ይሻላል፤ ለዚህም ደረት ላይ የሚታሰረው መለኪያ እጀታው ላይ ካለው ይልቅ የሚታመን ነው።

ዋጋን በተመለከተ ሶሉና ፍሪስትራይዱ በአሜሪካ አዲስ ሆነው ወደ 2,000 ዶላር ግድም የሚሸጡ ሲሆን የጂሙ ፕሪኮር አዲሱ የዚህን እጥፍ ድርብ ያስከፍላል። በዚህ ላይ የመርከቡ፣ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያለው ጉዞ፣ ቀረጡና 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ይደመራል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የተነገረ ዋጋ ሳምንት ላይቆይ ስለሚችል የዋጋ ማቅረቢያው ላይ የሚጸናበት ቀን እንዲጻፍ መጠየቅ ነውር የለውም። የፋብሪካው ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ በተሸጠበት አገር የሚሠራ ስለሆነም «የአሥር ዓመት ዋስትና አለው» የሚል ሻጭ ዋስትናውን የሚሰጠው እሱ ራሱ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥ።

ለዚህ ነው አዲስ ከሚገዙት ይልቅ ከሆቴል ወይም ከጂም የወጣ፣ ያገለገለ ፕሪኮርን አስቀድሜ የማየው። ለቀኑን ሙሉ ሥራ የተሠራ ማሽን በቀን አንድ ሰዓት ቤት ውስጥ ሲረገጥ ዕረፍት እንደወጣ ያህል ነው። ሰሌዳው የሠራበትን ሰዓት መዝግቦ ስለሚይዝ ሻጩ እንዲያሳይ ይጠየቅ፤ «ብዙ አልተሠራበትም» የሚለው ቃል ከዚያ ቁጥር ጋር ይተያይ። ቀጥሎ ፔዳሉን በእጅ ይዞ ወደ ጎን መነቅነቅ ነው፤ ጨዋታ ካለው ኩሽኔታው ወይም ቡሺው አልቋል ማለት ነው። ከሐዲዱ ላይ የሚሄዱት ጎማዎች ጠርዛቸው ተበልቶ ጠፍጥፎ እንደሆነ በጣት ይዳሰሳል። ኩሽኔታ መደበኛ ቁጥር ስላለው መርካቶ ይገኛል፤ ቺንጋውም በቁጥሩ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። የሰሌዳው ካርድ ከተበላሸ ግን ከውጭ ከማስመጣት ሌላ መንገድ ስለሌለ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጭኖ፣ ሐዲዱን እስከ ላይ አውጥቶና እስከ ታች አውርዶ ሳያዩ ገንዘብ አይከፈልም።

እንግዲህ ምርጫዬ ይህ ነው። ሁለት ሜትር ቦታና በቂ ቁመት ላለው፣ መብራት እየሄደ ለሚያስቸግረው ቤት ያገለገለ ግን ጤነኛ ኢኤፍኤክስ 835 እመርጣለሁ። ያገለገለ ዕቃ መመርመር የማይሆንለት፣ ካርቶን ሲፈታ ማየት የሚፈልግ ሰው ሶል ኢ95ን ቢገዛ አይጸጸትም፣ ቁመቱ አጭር ካልሆነ በቀር። ፍሪስትራይዱን የምመክረው ክፍሉ ጠባብ ሆኖ የቤተሰቡ ቁመት ለተለያየ፣ ጄኔሬተርና አስተማማኝ ኢንተርኔት ላለው ብቻ ነው፤ ከገዙት በኋላ ወርኃዊ ክፍያውን ማቋረጥ ካሰቡ ግን ከመጀመሪያው ሶሉን ይውሰዱ።

የትኛውንም ቢመርጡ ክብደቱ ከመቶ ኪሎ በላይ ነው። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት የደረጃውን መታጠፊያ ይለካ። እኔ ስፋቱን ለክቼ ሰያፉን ስለረሳሁት አራት ተሸካሚዎች ካርቶኑን እስከ ሁለተኛው ፎቅ አውጥተው፣ ወደ ሦስተኛው ሲታጠፉ ግድግዳና መደገፊያው መሀል ተቀረቀረ። ወደ ታች መመለሱም ከባድ ስለነበር ካርቶኑን እዚያው ቀደድን፤ የታች ጎረቤቴ በርጩማና ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ አውጥተው ሰጡን፣ ቮላኖው ያለበትን ክፍል ለብቻ፣ እጀታዎቹን ለብቻ አወጣናቸው። የፈታናቸውን ቡሎኖች የሰበሰብኩት በጎረቤቴ የቡና ስኒ ረከቦት ላይ ነበር፤ አንዱ ቡሎን ከሳምንት በኋላ ከደረጃው ሥር ተገኘ።