ቢተርስ የሌለው ኦልድ ፋሽንድ

«ቢተርስ አልቆብናል፤ ግን ያን ያህል ለውጥ የለውም» አለኝ አስተናጋጁ። ያውም ይህን የነገረኝ ያዘዝኩትን ኦልድ ፋሽንድ ቀምሼ ምን እንደጎደለው ከጠየቅኩት በኋላ ነው። በጣም ተናደድኩ።

ለውጥማ አለው! ኦልድ ፋሽንድ እኮ ዊስኪ፣ ስኳርና ቢተርስ የሚሉት፣ በጠብታ የሚጨመር መራራ የቅመማ ቅመም አልኮል የገባበት ኮክቴል ነው፤ ከላይ የብርቱካን ልጣጭ ይጨመርበታል። ቢተርሱ ሲወጣ የሚቀረው ስኳር የገባበት ዊስኪ ነው። የቀረበልኝም እሱው ነበር። መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ከዚያ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። በ1806 አንድ የኒውዮርክ ግዛት ጋዜጣ ኮክቴል ምን እንደሆነ ሲያስረዳ አልኮል፣ ስኳር፣ ውሃና ቢተርስ ብሎ ነው የዘረዘረው። ቢተርስ ከጥንትም የመጠጡ አካል ነበር ማለት ነው። አልቆ ከሆነ ሳዝዝ ይነገረኝ፤ ሌላ እጠጣለሁ። ዋጋው እንደሆነ አልቀነሰም።

ማለቁም ራሱ አይገባኝም። አንጎስቱራ የሚባለው የታወቀ ቢተርስ 44.7 በመቶ አልኮል ነው፤ ቶሎ አይበላሽም። ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ሦስት ጠብታ ነው የሚፈልገው፤ አንድ ጠርሙስ ስንት ሰው ያስተናግዳል! ከዚህ በጣም የሚረክስ ባር አውቃለሁ። እዚያ ማንሃታን የሚባለውን ኮክቴል ስታዙ በየትኛው ቢተርስ እንዲሠራ እንደምትፈልጉ ይጠይቋችኋል።

ሂሳብ ልጠይቅ ስል ባርቴንደሯ ራሷ መጣች። ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ሰምታን ኖሯል። «ያለቀው አንጎስቱራው ነው፤ የብርቱካን ቢተርስ አለኝ። በሱ ልሥራልዎት?» አለችኝ። ዓይኔ እያየ ስኳሩ ላይ ሁለቴ ጠብ አደረገችበት፣ በማንኪያ ደቆሰችው፣ ዊስኪውን ጨምራ ከአንድ ትልቅ በረዶ ጋር ቀስ አድርጋ አማሰለችው።

እውነት ለመናገር ግሩም ነበር። አንጎስቱራ ቅርንፉድና ቀረፋ ቀረፋ ይላል፤ ይኼኛው ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ ምሬት ነው ያለው። የስኳሩን ጣፋጭነት ያዝ አደረገው። መጀመሪያ ያልታወቀኝ የዊስኪው የበርሜል እንጨት ሽታ አሁን ቁልጭ ብሎ መጣ። ከዋጥኩት በኋላም ምሬቱ ምላሴ ላይ ቆየ። ከዚያች ጠብታ ይህ ሁሉ!

ሂሳቡ ሲመጣ ግን ሁለት ኦልድ ፋሽንድ ተጽፎበታል። ስናገር አንዱ ተሰረዘልኝ፤ ይቅርታ ያለኝ ግን የለም። ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ፤ ሦስቱም የባርቴንደሯ ናቸው።