ራይቲንግ አልወጣ ላላችሁ፦ እኚህን መምህር ልጠቁማችሁ

የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና) ውጤቴ ትናንት ወጣ። ራይቲንግ፣ ማለትም የጽሁፍ ክፍሉ፣ 7! እግዚአብሔር ይመስገን። ከእርሱ ቀጥሎ ደግሞ በሰው ፊት ላመሰግናቸው የሚገባ ሰው አሉ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በቤታቸው የሚያስተምሩ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጋሼ ጋ እስክደርስ ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። ለማስተርስ ያመለከትኩበት ዩኒቨርሲቲ በአጠቃላይ 7፣ በእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ከ6.5 ያላነሰ ይፈልጋል። ሌላው ሁሉ ሲሳካልኝ ራይቲንግ 5.5 ላይ ተቸንክሮ ቀረ። "ችግርሽ ቮካቡላሪ ነው" ተባልኩና አንድ ማሰልጠኛ ገባሁ። ክፍያው በቅድሚያ ነው። የሰጡኝ ምን መሰላችሁ? በፎቶኮፒ ብዛት የደበዘዘ የቃላት ዝርዝር፣ አጠገቡ የአማርኛ ፍቺ። "ሸምድዳችሁ ኑ" ነው ትምህርቱ። የጻፍኩትን አንድም ቀን ያነበበልኝ የለም። ስጠይቅ "ከበድ ከበድ ያለ ቃል ጨምሪበት" ይሉኛል። ጨመርኩ፤ ውጤቱ ንቅንቅ አላለም። ገንዘቤን ስጠይቅ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። በቴሌግራም "የ8 ነጥብ ቃላት" እያለ የሚሸጠውም ያው ነው፤ ብሩ ከገባለት በኋላ ድምፁ የለም። የፈተናው ክፍያ ለጤና ጣቢያ ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ የከፈለ ያውቀዋል። በዚያ ላይ እንዲህ ሲበሉህ ያንገበግባል፤ እኔን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጋሼን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። መጀመሪያ ቀን ስለ ወረርሽኝ የጻፍኩትን የመለማመጃ ጽሁፍ ይዤ ሄድኩ። እርሳሳቸውን ቀረጹ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ሻያቸው እየቀዘቀዘ ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመሩ። ከባድ በሽታ ለማለት "ኮሎሳል (እጅግ ግዙፍ) ዲዚዝ" ብዬ የጻፍኩት ላይ ሲደርሱ ከሥሩ ቀጭን መስመር አሰመሩና፣ "ልጄ፣ ቃሉን አውቀሽዋል፤ ግን ከበሽታ ጎን አይቀመጥም። ለሐውልት፣ ለኪሳራ ይሆናል። እዚህ ሲሪየስ (ከባድ) ብትዪ ይበቃሽ ነበር። ቃል ስታጠኚ ጎረቤቱን አብረሽ ያዢ" አሉኝ። ቁጣ የለ፣ ማሸማቀቅ የለ። እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው መስመር ወረዱ። ራይቲንግ ከሚታረምባቸው አራት መስፈርቶች አንዱ የቃላት አጠቃቀም እንደሆነ፣ ከነጥቡ ሩቡን እንደሚይዝ፣ ብርቅ ቃል ስለተደረደረ ብቻ ነጥብ እንደማይሰጥና ቃሉ በቦታው መዋሉም እንደሚታይ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ያን ሁሉ ብር ስከፍል ይህን የነገረኝ አልነበረም!

የሸመደድኩበትን ደብተርም አምጪ አሉኝ። "ልፋትሽን አንጥለውም" ብለው ለትምህርት ጽሁፍ የሚሆነውን ብቻ እየመረጡ ምልክት አደረጉበት። የሚመሩበት አቨሪል ኮክስሄድ የተባለች የቋንቋ ምሁር በኒውዚላንድ ሆና አጥንታ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ነው፤ 570 የቃላት ቤተሰቦች አሉት። አናላይዝን (መተንተን) ከያዝኩ አናሊሲስንና አናሊቲካልን አብሬ እይዛለሁ፣ በእያንዳንዱም ስለ ራሴ ሥራ ዓረፍተ ነገር እሠራለሁ። ቃሎቹን በካርድ ጽፈን በጫማ ካርቶን ውስጥ በክፍል በክፍል አስቀመጥናቸው። የትኛው ክፍል በየትኛው ቀን እንደሚወጣ የሚያሰሉበት መንገድ እስካሁን አልገባኝም። "ዛሬ ሦስተኛውን አውጪ" ሲሉኝ አወጣለሁ፤ እኔ የማውቀው ቃሎቹ ስጽፍ በራሳቸው መምጣት መጀመራቸውን ነው።

መሃል ላይ እናቴ ታማ ሆስፒታል ተኛች። ትምህርቱን ላቁም ብዬ ስደውል፣ "እናትሽን አስታምሚ፤ የክፍያውን ነገር እንዳታነሺብኝ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ራሳቸው ይደውሉ ነበር። መጀመሪያ የእማዬን ጤና ይጠይቃሉ፣ ቀጥለው ጥቂት ቃላት ይጠሩልኛል፣ እኔም ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በዓረፍተ ነገር እመልሳለሁ። አንድ ቀን እማዬ ስልኩን ተቀብላኝ መረቀቻቸው፤ ምርቃቷን ሲሰሙ ድምፃቸው ተሰበረ። አሁን ተሽሏታል፣ ተመስገን። ወንድሜ እንኳን እንዲህ አልጠየቀኝም፤ ይህን ውለታ በምን እከፍለዋለሁ?

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የዘሩትን በልጅ ልጆችዎ ይቁጠሩት።

ለአይኤልትስ፣ ለቶፍል፣ ለጂአርኢም የምትዘጋጁ፣ እባካችሁ ብራችሁን ለዝርዝር ሻጭ አታስበሉ። እኚህን ሰው ሂዱና እዩዋቸው፣ ደግሜ እላለሁ፣ እዩዋቸው! የሚያስተምሩት ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚይዙት ጥቂት ተማሪ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። ክፍያው በወሩ መጨረሻ ነው። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ እሰጣለሁ፣ ፈቅደውልኛል። ስትሄዱ ራሳችሁ የጻፋችሁትን አንድ ጽሁፍ መያዝ አትርሱ፤ ያለዚያ ትምህርት አይጀምሩም።